በአንድ ሌሊት ሄልሜት ያጠለቀች አገር፦ የቬትናም የጉዳይ ጥናት

ዲሴምበር 14 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. አርብ ማታ በሃኖይና በሆ ቺ ሚን ከተማ መንገዶች ላይ ከሚጎርፈው ሞተረኛ አብዛኛው ባዶ ራሱን ወይም የፀሐይ ኮፍያ ደፍቶ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት በዚያው መንገድ ላይ ሄልሜት ያላደረገ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በመንገድ ደኅንነት ታሪክ ውስጥ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ልማድ በዚህ ፍጥነት ሲቀየር የታየበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ ግን በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አላለቀም። ሄልሜቱ ጭንቅላት ላይ ወጣ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማሰሪያው መታሰሩ፣ ከፊት የተቀመጠው ልጅስ ምን እንዳደረገ ገና ጥያቄ ነበር። የቬትናምን ጉዳይ በዝርዝር ለማየት የሚያበቃውም ይኸው ሁለተኛው ክፍል ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው

በወቅቱ በቬትናም ከተመዘገቡት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሞተር ሳይክሎች ነበሩ። ሞተር እዚያ የቤተሰብ መኪና ነው። አባት ይነዳል፣ ትልቁ ልጅ ከፊት ይቆማል፣ እናት ከኋላ ትቀመጣለች፣ ሕፃኑ በመሀል ይታቀፋል። በ2007 ብቻ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ወደ 13,000 ይጠጋ ነበር።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል ነበር። ሄልሜት እንዲደረግ የሚያዘው የመጀመሪያው ድንጋጌ የወጣው በ1995 ነው። ወረቀት ላይ የቀረበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። ግዴታው ሁሉንም መንገድ አይሸፍንም፣ ቅጣቱ የኪስ ሳንቲም ነው፣ የሚያስፈጽመውም የለም። ግዴታው እዚህ መንገድ ላይ አለ፣ እዚያ መንገድ ላይ የለም ሲባል ሞተረኛው ሄልሜቱን ቤት ይተወዋል፤ ትራፊክ ፖሊሱም ከእያንዳንዱ ሰው ጋር «ይህ መንገድ የቱ ነው» እያለ መከራከር ይሰለቸዋል።

በዲሴምበር 2006 በሃኖይ ሁለት ታዋቂ ሰዎች በሞተር ተገጩ። አንደኛው ለሒሳብ ትምህርት ጉባኤ የመጡት ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሞር ፓፐርት ናቸው። ዲሴምበር 5 ቀን መንገድ ሲሻገሩ ተገጭተው ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰባቸው። ከአደጋው ትንሽ ቀደም ብሎ ከባልደረባቸው ጋር የሃኖይን የትራፊክ ፍሰት በሒሳብ እንዴት መግለጽ እንደሚቻል ይነጋገሩ ነበር። በዚያው ሰሞን የሃኖይ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ፕሮፌሰር ንጉየን ቫን ዳኦ በሞተር አደጋ ሞቱ። ፓፐርት እግረኛ ስለነበሩ የሄልሜት ሕግ እሳቸውን አያድናቸውም ነበር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሁለቱ አደጋዎች ግን ለዓመታት እንደ ዕጣ ፈንታ ይታይ የነበረውን ነገር በጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ አወጡት።

ሰበቦቹ

ሰው ሄልሜት ላለማድረግ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁሉም የማይረቡ አይደሉም። ሙቀቱ እውነት ነው። በ35 ዲግሪ፣ እርጥበት በሞላው አየር ውስጥ ለአውሮፓ ክረምት የተሠራ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ማድረግ ያፍናል። ሴቶች ጸጉራችንን ያበላሻል አሉ። አንዳንዱ መስማት ያስቸግረኛል፣ ሌላው «እዚሁ ገበያ ድረስ ነው» አለ። ከሁሉ የባሰው ሳቁ ነበር፤ ሄልሜት ያደረገውን ሰው «የሩዝ ማብሰያ ድስት ደፋ» ይሉት ነበር።

ለሙቀቱ የተሰጠው መልስ ስብከት ሳይሆን ዕቃ ነበር። ግሬግ ክራፍት የተባሉ አሜሪካዊ የመሠረቱት የእስያ የአደጋ መከላከል ፋውንዴሽን ፕሮቴክ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የሄልሜት ፋብሪካ ሃኖይ አጠገብ አቋቋመ። ብዙዎቹ ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኞች ነበሩ። ያመረተው ቀላል፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው፣ ጆሮን የማይሸፍን «የቆላ ሄልሜት» ነው። የአገጭና የፊት መከላከያ የለውም፤ ከሙሉ ሄልሜት ጋር ሲነጻጸር የሚሸፍነው ያነሰ ነው። ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ግማሽ ሄልሜት መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ሙሉ ሄልሜት ይሻላል የሚል ስሌት ነበር፤ ስሌቱም ልክ ነበር ብለን እናምናለን። ከዚሁ ጎን «ሰበብ ይብቃ» በሚል መንፈስ የተሠሩ ማስታወቂያዎች በጭንቅላት ጉዳት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን እያሳዩ ሰበቦቹን አንድ በአንድ አነሱ።

ሕጉ እንዴት ተሠራ

ጁን 29 ቀን 2007 መንግሥት ውሳኔ ቁጥር 32ን አወጣ። ግዴታው በሁለት ደረጃ ተከፈለ። ከሴፕቴምበር 15 ጀምሮ በአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች፣ ከዲሴምበር 15 ጀምሮ በሁሉም መንገድ፣ ለነጂውም ለተፈናጣጩም። የመጀመሪያው ቀን እኛ ሚሌኒየሙን በተቀበልን ልክ በአራተኛው ቀን መዋሉ ነው። ሦስቱ ወራት ሰው ሄልሜት የሚገዛባቸው፣ ነጋዴው የሚያስመጣባቸው፣ ፋብሪካው የሚያመርትባቸው ነበሩ። የገንዘብ ቅጣቱ 10 እጥፍ ገደማ አድጎ ከ100,000 እስከ 200,000 ዶንግ ደረሰ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ6 እስከ 12 ዶላር መሆኑ ነው። ፖሊስም በብዛት መንገድ ላይ ወጣ።

«ሁሉም መንገድ፣ ሁሉም ሰው» የሚለው ድንጋጌ ከቅጣቱ ባላነሰ ሠርቷል። ሁሉም በአንድ ቀን ድስቱን ሲደፋ የሚስቅ ጠፋ። ጥቂቶች ብቻ የሚያደርጉት ነገር ሲሆን ሄልሜት የፈሪ ምልክት ነበር፤ ከቅዳሜው በኋላ ግን እንግዳ የሚመስለው ባዶ ራሱን የሚነዳው ሆነ።

ውጤቱ በ20 የገጠርና የከተማ ሆስፒታሎች ተለካ። ከሕጉ በፊት የነበሩት ሦስት ወራትና ከሕጉ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ሲነጻጸሩ በመንገድ አደጋ ከተጎዱት መካከል የጭንቅላት ጉዳት ዕድል በ16 በመቶ፣ የሞት ዕድል በ18 በመቶ ቀነሰ። በአገር ደረጃ የ2008 የመንገድ ሟቾች ቁጥር ወደ 11,600 ገደማ ወረደ። ቅናሹ ሁሉ የሄልሜት ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ድርሻው ግን ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት ለሞተረኛ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታዲያ ከ90 በመቶ በላይ አዋቂ ሄልሜት ባደረገባት አገር ቅናሹ ለምን 16 እና 18 ሆነ? ሁለቱ ቁጥሮች ልክ በልክ አይነጻጸሩም። አንዱ ያደረገን ካላደረገ ጋር ያወዳድራል፤ ሌላው የመላውን ሕዝብ በፊትና በኋላ ያያል፣ ከሕጉ በፊትም ሄልሜት የሚያደርግ ነበር። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ክፍተቱ ከፕላስቲኩ በታች ምን እንዳለ እንድንመለከት ያስገድደናል።

ሄልሜት ምን ይሠራል

ብዙ ሰው ሄልሜት የሚያድነው ጠንካራ ስለሆነ ይመስለዋል። ጠንካራው ቅርፊት ሹል ነገር እንዳይወጋና ጭንቅላት አስፋልት ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ዋናው ሥራ ግን ከሥሩ ያለው ነጭ ፎም ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ ግን ይበልጥ የጠጠረ ፖሊስታይሪን ነው። ሥራው መጨፍለቅ ነው።

በቁጥር እንየው። ሞተር ላይ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ ወደ ጎን ቢወድቅ ጭንቅላቱ መሬቱን የሚመታው በሰከንድ 5.6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባዶ ጭንቅላት አስፋልት ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ከቆመ የሚደርስበት ጫና 320 እጥፍ የምድር ስበት ነው። 25 ሚሊ ሜትር ፎም ተጨፍልቆ ካቆመው 64 እጥፍ ይሆናል። የማቆሚያው ርቀት 5 ጊዜ ሲረዝም ጫናው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው»፣ «እዚህ ድረስ ነው» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ከፍታው ብቻውን 20 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ደረጃ ላይ አዳልጦት ወይም መታጠቢያ ቤት ወድቆ የራስ ቅሉ የሚሰነጠቅ ሰው ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፎሙ የተጨፈለቀ ዕለት ሥራውን ጨርሷል፤ ተመልሶ አይነፋም። ስለዚህ ከአደጋ የወጣ ሄልሜት ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይበትም ይጣላል። የተጎዳውን ቦታ ቅርፊቱ ይደብቀዋል።

ቅጣት መከላከያው ቆብ

አሁን ወደ ቬትናም ገበያ እንመለስ። በዚያን ጊዜ ቅጣቱ ከ100,000 ዶንግ ይጀምር ነበር። በእግረኛ መንገድ ዳር የተደረደረው ሄልሜት መሳይ ቆብ በጥቂት አስር ሺህ ዶንግ ይሸጥ ነበር። ጥሩው ሄልሜት ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበር። ፖሊሱ የሚያየው ከውጭ ነው። ስሌቱን ማንም ይሠራዋል፤ ብዙ ሰው የገዛውም ከቅጣት የሚያድነውን ርካሽ ዕቃ ነው። ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ጨርቅና ስፖንጅ፣ ፎም የለም። የቤዝቦል ኮፍያ መስለው የተሠሩም ነበሩ።

መንግሥት በ2008 አስገዳጅ የጥራት ደንብ አወጣ፤ መስፈርቱን ያሟላው ሄልሜት «ሲአር» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ብዙም ሳይቆይ ተለጣፊው ራሱ ይሸጥ ጀመር። የጥራት ምርመራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሄልሜቱን ከከፍታ በመጣል የሚደረግ ስለሆነ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ሊሠራው አይችልም፤ ሲሠራውም ሄልሜቱ ይሰበራል። ቁጥጥሩ መዋል የነበረበት አምራቹና አስመጪው በር ላይ ነው።

ገዢው ግን በእጁ የሚያጣራቸው ነገሮች አሉ፤ አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ሱቅ ውስጥ ያው ናቸው። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጉና ፎሙን ፈልጉ። ከግንባር እስከ ማጅራት ሳይቋረጥ የተዘረጋ፣ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውፍረት ያለው መሆን አለበት። በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ገብቶ የሚመለስ ከሆነ የምቾት ንጣፍ እንጂ መከላከያ አይደለም። ቅርፊቱን በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ጨመቅ አድርጉት፤ እንደ ፕላስቲክ ሳፋ ከታጠፈ ተዉት። ማሰሪያው ቅርፊቱ ላይ በብረት ምስማር መያዙን አይታችሁ ክሊፑን ቆልፉና በኃይል ሳቡት። ሱቅ ውስጥ ከተላቀቀ መንገድ ላይ መላቀቁ አይቀርም።

ልኩን ለማግኘት የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ በጭንቅላት ዙሪያ፣ ከኋላ በጣም በወጣው ቦታ ላይ ማዞር ነው። የተገኘውን ሴንቲ ሜትር ሄልሜቱ ውስጥ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት። አዲስ ሄልሜት ጉንጭና ግንባር ላይ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ንጣፉ በአገልግሎት ይላላል። አድርጋችሁት ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፊ ነው። ወፍራም ሹሩባ ወይም ከፍ ተደርጎ የታሰረ ጸጉር ያላት ሴት በምትነዳበት አኳኋን ጸጉሯን ዝቅ አድርጋ ሠርታ መለካት ይኖርባታል። በቬትናም ለጸጉር ቀዳዳ የተተወለት ሄልሜት እስከ መሥራት ተደርሷል፤ ያ ቀዳዳ ግን ፎሙ መኖር ካለበት ቦታ የተቆረጠ ነው።

ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ ወይም ጠንካራ ማጽጃ ፎሙን ያሟሟዋል፤ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ብቻ ይታጠብ። የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ አይንጠልጠል። አደጋ ባይደርስበትም አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው መቀየር ይመከራል፤ ላብ፣ ፀሐይና ማውለቅ ማጥለቁ ያስረጁታል።

ማሰሪያው

ጥሩ ፎም ያለው ሄልሜት ማሰሪያው ካልታሰረ ከጭንቅላት በፊት መሬት ይደርሳል። አደጋ ብዙ ጊዜ አንድ ምት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ከመኪናው አካል ጋር፣ ቀጥሎ ከአስፋልቱ ጋር ነው፤ ያልታሰረው ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ይበርና ሁለተኛውን ጭንቅላት ብቻውን ይቀበለዋል።

በቬትናም ማሰሪያውን እንዲንጠለጠል መተው ወይም አላልቶ ማሰር የተለመደ ስለነበር የ2010 ድንጋጌ ሄልሜት አድርጎ ማሰሪያውን በአግባቡ ያላሰረውን ጭራሽ ካላደረገው ጋር እኩል ቀጣው። መለኪያው ቀላል ነው። በአገጭና በማሰሪያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ሄልሜቱ ወደ ታች ሲሳብ ሊሰማ ይገባል። ከዚያ የሄልሜቱን የኋላ ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት መግፋት ነው። ዓይን ላይ ከወረደ ወይም ከወለቀ ማሰሪያው ላልቷል፣ አለዚያም ልኩ አይደለም። በሞተር ታክሲ ላይ ለደንበኛ ተብሎ የሚያዘው ሁለተኛ ሄልሜት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው፤ አንዱ ልክ ለሁሉም ራስ አይሆንም።

ልጆቹ

ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍል ይህ ነው። ሕጉ ሁሉም ያድርግ ይላል፤ የቅጣት ሕጉ ግን ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይቀጣም፣ ልጁን የጫነውንም ወላጅ የሚቀጣበት አንቀጽ አልነበረም። በዚያ ላይ ሄልሜት የልጅን አንገት ይጎዳል የሚል ወሬ ተሰራጨ። ሕጉ ከወጣ በኋላ በተደረገ የመንገድ ዳር ቆጠራ፣ እንደየከተማው፣ ሄልሜት በትክክል ያደረጉ አዋቂዎች ከ90 እስከ 99 በመቶ ሲሆኑ ከ7 ዓመት በላይ እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከ38 እስከ 53፣ ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ከ15 እስከ 53 በመቶ ነበሩ። አባትና እናት ሄልሜት አድርገው በመሀላቸው ባዶ ራሱን የተቀመጠ ልጅ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ።

የአንገቱ ስጋት ከየት መጣ ቢባል መነሻ አለው። የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠነከረም፤ የአዋቂ ሄልሜት ቢደፉበት ከባድ ሸክም ነው። የዚያ መፍትሔ በልጁ ልክ የተሠራ ቀላል ሄልሜት ነው። ሄልሜት የአንገት ጉዳትን እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ ጥናቶቹ ላይ አልተገኘም። ጭንቅላቱ ትልቅ መሆኑ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው ጭንቅላቱ ነው። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ ሰፋ ያለ ሄልሜት መግዛት ለጫማ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ለሄልሜት አይሠራም።

የወደቀው ሰው ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ልጅም ሆነ አዋቂ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይተው። ከራስ ቅሉ ሥር የሚቋጠር ደም መጀመሪያ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ መደናገር፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መጠን መለያየት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውሃ መሰል ፈሳሽ መውጣት፤ ከነዚህ አንዱ ከታየ ማደር የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

የልጆቹን ክፍተት ለመድፈን ከሜይ 20 ቀን 2010 ጀምሮ ዕድሜው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ልጅ ያለ ሄልሜት የጫነ ነጂ እንዲቀጣ ተደነገገ። ሕጉ ከሠራ ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለው፣ ከፊት ቆሞ መሪውን ለሚይዘው፣ ብሬክ ሲያዝ መጀመሪያ ለሚወረወረው ሕፃን ግን ቅጣቱ ዛሬም አልደረሰም።